የግቢ ፏፏቴ፦ ከድንጋዩ ሥር ያለው ሥራ

በመኖሪያ ግቢ የሚሠራ የድንጋይ ፏፏቴ አንዱኑ ውኃ ደጋግሞ ያዞራል። ውኃው ከታች ካለው ገንዳ በፓምፕ ተገፍቶ በቱቦ ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ያለችውን ትንሽ ማጠራቀሚያ ሞልቶ በድንጋዮቹ ላይ ይወርድና ወደ ገንዳው ይመለሳል። ጢስ ዓባይን በመሰለ የተፈጥሮ ፏፏቴ ውኃው ከጠንካራ የባዛልት ንጣፍ ጫፍ ላይ ይወረወራል፤ በስንጥቁ የሚሰርገውንም ከላይ የሚመጣው ወንዝ ይተካዋል። የግቢ ፏፏቴ ግን የሚተካለት ወንዝ ስለሌለው ወደ አፈር የሰረገ ውኃ ሁሉ ከገንዳው ይጎድላል። በመሆኑም የፏፏቴውን ዕድሜ የሚወስነው በዓይን ከሚታየው ድንጋይ ይልቅ ከሥሩ የተነጠፈው ነው።

ሥራው የሚጀምረው ከቦታ መረጣ ነው። ተዳፋት መሬት ቁፋሮ ይቀንሳል፤ ዛፍ ሥር የተሠራ ገንዳ ግን ቅጠል ሲለቀምበት ይኖራል። የገንዳው ከንፈር ከአካባቢው መሬት ከፍ ካላለ የክረምት ጎርፍ አፈር ይዞ ይገባበታል። ከገንዳው የወጣው አፈር ለፏፏቴው ጉብታ ሊያገለግል ይችላል፤ ሆኖም ዝም ብሎ የተቆለለ አፈር ዝናብ ሲያገኘው ስለሚሰምጥ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ንብርብር እየረጠበ መጠቅጠቅ አለበት። በክረምት በሚያብጥና በበጋ በሚሰነጠቅ ዋልካ አፈር ላይ በሲሚንቶ ብቻ የተሠራ ገንዳ ብዙ ሳይቆይ መሰንጠቁ አይቀርም።

የገንዳው መጠን የሚሰላው መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት ታሳቢ በማድረግ ነው። 3 ሜትር ርዝመት፣ 50 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 4 ሳንቲ ሜትር የውኃ ጥልቀት ያለው መውረጃ 60 ሊትር ይይዛል። ፓምፑ ሲቆም ይህ ሁሉ ወደ ታች ስለሚወርድ ገንዳው የሚቀበልበት ትርፍ ቦታ ያስፈልገዋል። ፓምፑ ሲነሣ ደግሞ ያንኑ ያህል ውኃ ከገንዳው ይጎድላል። ገንዳው ትንሽ ከሆነ ፓምፑ ከውኃ ውጭ ቀርቶ በደረቁ ሲሽከረከር ይቃጠላል።

በጉድጓዱ ላይ መጀመሪያ ጂኦቴክስታይል ጨርቅ፣ ከዚያ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የጎማ ምንጣፍ ወይም ጂኦሜምብሬን ይነጠፋል። የምንጣፉ ርዝመት የሚገኘው በገንዳው ርዝመት ላይ የጥልቀቱን እጥፍና ለጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር በመደመር ነው፤ ስፋቱም በዚሁ ስሌት ይወጣል። 3 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላለው ገንዳ 4.8 በ3.8 ሜትር ያስፈልጋል። መውረጃው በሌላ ቁራጭ የሚሸፈን ከሆነ የላይኛው ምንጣፍ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ በታችኛው ላይ መደረብ አለበት።

ለድንጋይ ባዛልት ተመራጭ ነው፤ ጠንካራ ነው፣ ውኃም እምብዛም አይመጥም። 50 በ40 በ30 ሳንቲ ሜትር የሆነ አንድ ድንጋይ 170 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚመዝን ከሥሩ ተጨማሪ ጨርቅ ይነጠፍለታል። የኖራ ድንጋይ ቀስ በቀስ እየሟሟ ውኃውን ጠጣር ስለሚያደርገው ዓሣ ለሚያረባ ገንዳ ብዙም አይመከርም።

ከሁሉም ጥንቃቄ የሚሻው ውኃው የሚወረወርበት የከንፈር ድንጋይ ነው። በ60 ሳንቲ ሜትር ከንፈር ላይ በሰዓት 9,000 ሊትር ሲያልፍ የውኃው ውፍረት ከ1 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ስለዚህ ድንጋዩ በአንድ ወገን በ1 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ካለ ውኃው በሙሉ ወደዚያው ያደላል። ግንበኛው ውኃ ልኩን በድንጋዩ አግድም እያስቀመጠ የሚያስተካክለውም ለዚህ ነው። ጠርዙ ክብ ከሆነ ውኃው ድንጋዩን ተጣብቆ ወደ ኋላ ይወርዳል፤ ስል ከሆነ ወደ ፊት ይወረወራል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት በፎም ካልተደፈነ ደግሞ ውኃው ከላይ መፍሰሱን ትቶ በሥር ይሾልካል።

ለአንድ ሳንቲ ሜትር የከንፈር ስፋት በሰዓት 150 ሊትር ያህል ውኃ የተለመደ መነሻ ነው። በፓምፑ ላይ የተጻፈው ከፍተኛ መጠን ግን ሽቅብ ሳይገፋ የሚሰጠው ስለሆነ ከፍታውና በቱቦው ውስጥ ያለው ሰበቃ መታሰብ አለባቸው። 9,000 ሊትር በሰዓት ወደ 2 ሜትር ለመግፋት 49 ዋት ያህል ጉልበት ይበቃል፤ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ 40 በመቶውን ብቻ ሥራ ላይ የሚያውል ፓምፕ ግን 120 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ይህም በቀን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ይጠጋል። 220 ቮልት ውኃ ውስጥ ስለሚገባ መስመሩ 30 ሚሊ አምፔር ሲያፈተልክ የሚቆርጥ መከላከያ ሊኖረው የግድ ነው።

የፏፏቴ ድምፅ በአብዛኛው የሚመነጨው ውኃው ሲወድቅ ይዟቸው ከሚገባው የአየር አረፋዎች ነው። ቤልጅየም ተወልዶ በኔዘርላንድስ የሠራው ማርሴል ሚናርት እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳየው የአረፋው መጠን የድምፁን ቅጥነት ይወስናል፤ 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው አረፋ በሰከንድ 3,300 ጊዜ ገደማ ሲርገበገብ 6 ሚሊ ሜትር ያለው 1,100 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ትልልቅ አረፋ የሚሠራ ውኃ ድምፁ ይወፍራል።

የገንዳው ውኃ ሲጎድል ፓምፑን አጥፍቶ፣ ገንዳውን ሞልቶ 24 ሰዓት መጠበቅ ጥሩ መፈተኛ ነው። ደረጃው ካልወረደ ጥፋቱ ከመውረጃው ነው፤ ብዙ ጊዜም ምክንያቱ ፍንጣሪ ወይም የሰመጠ ጠርዝ ነው። ደረጃው ወርዶ አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቀዳዳው በዚያ ከፍታ ላይ ይፈለጋል። አልጌ የሚበዛው ብርሃንና የበሰበሰ ቅጠል ሲያገኝ ነው። ድንጋዩን በበረኪና ማጠብ ዓሣው የሚያወጣውን አሞኒያ የሚለውጡትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይገድላል፤ በብሩሽና በገንዳው ውኃ መፈተግ ይበቃል። እንቦጭ ለጌጥ ተብሎ በዓለም ዙሪያ የተሠራጨ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣና ላይ የታየ አረም ስለሆነ በገንዳ ውስጥ መትከል አይገባም።

የወባ ጉዳይም አለ። በከተማ የውኃ ማጠራቀሚያዎች የሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ተገኝቶ ወደ ሌሎች ከተሞች ተዛምቷል። ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በረጋ ውኃ ላይ ነው፤ በሞቃት አካባቢም እንቁላሉ ተፈልፍሎ የሚበር ትንኝ እስኪሆን ከሳምንት ብዙም የማይበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ፓምፑ ለቀናት የሚቆም ከሆነ ዓሣ የሌለበትን ገንዳ ጨርሶ ባዶ ማድረግ ይገባል።