የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታላቁ ተዋጊ አብራሪ ማን ነበር? የአንድ ረጅም ክርክር ዳሰሳ

ኤሪክ ሃርትማን የተባለው ጀርመናዊ 352 አውሮፕላን መትቶ እንደጣለ ተመዝግቦለታል። ከእርሱ በፊትም ሆነ በኋላ ይህን ያህል ግዳይ የተቆጠረለት አብራሪ የለም። ስለዚህ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አብራሪዎች ማን ይበልጣል ቢባል መልሱ በአንድ መስመር ያለቀ ይመስላል። ሆኖም ጦርነቱ ካበቃ ከ80 ዓመት በኋላም የታሪክ ጸሐፊዎችና የአቪዬሽን ወዳጆች ይህን ጥያቄ አልተዉትም። ሙግቱ የሚነሣው ያ ቁጥር ራሱ ምን ይለካል ከሚለው ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገር፣ አገሮቹ የሚቆጥሩት በአንድ ዓይነት ደንብ አልነበረም። ጀርመኖች አንድ የወደቀ አውሮፕላን ለአንድ አብራሪ ብቻ ይሰጡ ነበር፤ ምስክር ይጠየቃል፣ ቅጽ ተሞልቶ ወደ በላይ አካል ይላካል። እንግሊዞች ሁለት ወይም ሦስት ሆነው የመቱትን ያካፍላሉ፤ ስለዚህ በመዝገባቸው ግማሽና ሩብ ግዳይ ይገኛል። ሶቪየቶች በግል የተጣለውንና በቡድን የተጣለውን ለየብቻ ይመዘግባሉ። እንግሊዝ ውስጥ ሰፍሮ የነበረው የአሜሪካ ስምንተኛ አየር ኃይል ደግሞ መሬት ላይ ቆሞ የተቃጠለውንም ይቆጥር ነበር። በእነዚህ የተለያዩ ሚዛኖች የተመዘኑትን ሰዎች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ደርድሮ አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለት ያስቸግራል።

ደንቡ አንድ ቢሆንም እንኳ ሰው ይሳሳታል። ውጊያው የሚካሄደው በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ በሚበር አውሮፕላን ላይ ነው፤ አብራሪው የሚተኩሰው ለሁለት ወይም ለሦስት ሴኮንድ ነው። ሜሰርሽሚት የተባለው የጀርመን ተዋጊ አውሮፕላን ቁልቁል ሲወረወርና ሞተሩ ሙሉ ኃይል ሲሰጠው ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ ያየው ሁሉ ተቃጠለ ይላል። አንዱ የመታውን ሌላው ደግሞ ይመታዋል፤ ሁለቱም በቅን ልቦና እኔ ጣልኩት ብለው ይመለሳሉ። የወደቀውን እስከ መሬት በዓይኑ የሚከተል ደግሞ የለም፤ ቁልቁል ሲያይ የቆየ አብራሪ ከኋላው የመጣውን አያይምና። በጣም የታወቀው ምሳሌ የመስከረም 15 ቀን 1940 የብሪታንያ ሰማይ ውጊያ ነው። በዚያ ዕለት እንግሊዞች 185 የጀርመን አውሮፕላን ጣልን ብለው አወጁ፤ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመኖቹ መዝገብ ሲገለጥ እውነተኛው ኪሳራ 60 ገደማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለው ግነት በመጠን ይለያይ እንጂ በሁሉም ወገን ነበር።

እንግዲህ ወደ ሃርትማን እንመለስ። ወደ ምሥራቁ ግንባር የደረሰው በ1942 መጸው ነው። ጀማሪ በነበረበት ጊዜ አብሮት ይበር የነበረው ኤድሙንድ ሮስማን ክንዱን ተጎድቶ ስለነበር አውሮፕላኑን እያጠማዘዘ ግብ ግብ መግጠም አይችልም ነበር፤ ስለዚህ ከሩቅ አይቶ፣ ሳይታይ ቀርቦ፣ መትቶ የመሸሽ ዘዴ ፈጥሮ ነበር። ሃርትማን ይህን ወርሶ በአራት ደረጃ ሠራው፤ ማየት፣ መወሰን፣ መምታት፣ መራቅ። ሳይታይ ይጠጋል፤ የጠላት አውሮፕላን የፊት መስተዋቱን እስኪሞላው ድረስ ጣቱን ከቃታው ላይ አያሳርፍም። ነገሩ የማያመች ከመሰለው ትቶ ይሄዳል። ከደርዘን ጊዜ በላይ በግዴታ ያረፈ ቢሆንም፣ ብዙውን ጊዜ አውሮፕላኑን የጎዳው ከቅርብ የመታው ዒላማ ስብርባሪ ወይም የሞተር ብልሽት እንጂ የጠላት ተዋጊ ጥይት አልነበረም። ስለ ችሎታው የሚከራከር ብዙ ሰው የለም።

ነገር ግን ሃርትማን ከ1,400 በላይ ተልእኮ በርሯል፤ ከጠላት ጋር የተጋጠመውም 825 ጊዜ ነው። ከምዕራብ አብራሪዎች መካከል ይህን ያህል ዕድል ያገኘ የለም። የጀርመን አየር ኃይል አብራሪውን እስኪሞት፣ እስኪቆስል ወይም እስኪማረክ ድረስ ግንባር ላይ ያቆየው ነበር። ማረፊያዎቹ ለግንባሩ ቅርብ ስለነበሩ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ መነሣት ይቻላል፤ ሰማዩም በሶቪየት አውሮፕላኖች የተሞላ ነበር። ለዚህ ነው ገርሃርድ ባርክሆርን 301፣ ጉንተር ራል 275 የደረሱት፤ ለዚህም ነው ከ100 በላይ የጀርመን አብራሪዎች እያንዳንዳቸው 100 እና ከዚያ በላይ የተቆጠረላቸው።

አሜሪካኖች ግን የተለየ መንገድ መረጡ። በፓስፊክ ግንባር ፒ-38 ላይትኒንግ ያበር የነበረው ሪቻርድ ቦንግ 40 አውሮፕላን ጥሎ የአገሩ ቀዳሚ ሲሆን፣ አለቆቹ ከውጊያ አውጥተው ወደ አገሩ ሰደዱት። ከዚህ ቀደም ብሎም ወደ አገሩ ተልኮ የአየር ላይ ተኩስ እንዲማር ተደርጎ ነበር። ቦንግ አነጣጥሬ መምታት አልችልበትም ብሎ የሚናገር፣ ስለዚህም እስኪጋጭ ድረስ የሚጠጋ ትሑት ሰው ነበር። የሞተው በጦር ሜዳ አይደለም፤ ነሐሴ 6 ቀን 1945 ካሊፎርኒያ ውስጥ አዲስ ጄት ሲፈትን ነው። የቦንግ ተፎካካሪ ቶማስ ማክጓየር በ38 ግዳይ ቆሞ ጥር 1945 ፊሊፒንስ ላይ ሞተ፤ ተጨማሪ የነዳጅ በርሜሎቹን ሳይጥል፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ፣ የተጠቃ ጓዱን ለማዳን ሲታጠፍ አውሮፕላኑ ከቁጥጥሩ ወጣ። በእኔ እምነት የአሜሪካኖቹ አሠራር ይበልጣል፤ ልምድ ያለውን አብራሪ አስተማሪ ስላደረጉት በጦርነቱ መጨረሻ ወደ ግንባር የሚመጣው ወጣታቸው በቂ ሰዓት የበረረ ነበር። ጀርመን ግን ጥቂት ባለ ብዙ ግዳይና በጣም ብዙ ያልበሰሉ ልጆች ይዛ ቀረች። የሃርትማን 352 ይህንንም የሚናገር ቁጥር ነው።

ሌላው ዘወትር የሚነሣው ስም ሃንስ-ዮአኪም ማርሴይ ነው። ከ158 ግዳዩ 151ዱን ያገኘው በሰሜን አፍሪካ በረሃ ነው፤ ያውም ከእንግሊዝ፣ ከአውስትራሊያና ከደቡብ አፍሪካ አብራሪዎች ጋር ተፋልሞ። መስከረም 1 ቀን 1942 በአንድ ቀን 17 ጣልኩ ብሏል። ከጎን አቋርጦ የሚያልፍን አውሮፕላን ወደፊት የሚደርስበትን ቦታ ገምቶ መምታት ከባዱ ጥበብ ነው፤ ማርሴይ በዚህ አልሞ ተኳሽ እንደነበር ጠላቶቹም አልካዱም። በወሩ መጨረሻ፣ በ22 ዓመቱ፣ የሞተሩ ጭስ ጋቢናውን ሞልቶት ሲዘል በአውሮፕላኑ ጭራ ተመትቶ ሞተ። ጥበቡን ሳደንቅ አንድ ነገር ግን አይረሳኝም፤ ከጣላቸው የሚበዙት ተዋጊዎች ነበሩ፤ የጀርመኑን የጦር አዛዥ የሮሜልን ነዳጅና ስንቅ ያጋዩት የእንግሊዝ ቦምብ ጣዮች ግን ሥራቸውን አላቋረጡም። የግል ድል የሠራዊት ድል ሳይሆን የሚቀርበት ጊዜ አለ።

ይህ ጦርነት በእኛም ሰማይ ላይ ተካሂዷል፤ ስለ ታላቁ አብራሪ የሚጽፉ ግን የምሥራቅ አፍሪካውን ግንባር ብዙ ጊዜ ይዘሉታል። ጣሊያናዊው ማሪዮ ቪሲንቲኒ ከኤርትራ እየተነሣ ፊያት ሲ አር-42 በተባለ ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን 16 ያህል የእንግሊዝ አውሮፕላን ጥሏል፤ በዚያ ጦርነት በባለ ድርብ ክንፍ ከተዋጉት ቀዳሚው እርሱ ነው። የካቲት 11 ቀን 1941 በመጥፎ የአየር ጠባይ ምክንያት በግዴታ ያረፉ ጓዶቹን ሊፈልግ ወጥቶ ነፋሲት አጠገብ ከሚገኘው ከቢዘን ተራራ ጋር ተጋጨ። በወራሪ ሠራዊት ውስጥ ያገለገለ መሆኑ ሳይረሳ፣ ለጓዶቹ ሲል መሞቱን መመስከር ተገቢ ነው።

ከወር በኋላ፣ መጋቢት 15 ቀን 1941፣ ድሬዳዋ ላይ የሆነው ደግሞ ከብዙ ግዳይ ይልቅ ለእኔ ይከብዳል። ሃሪኬን የተባሉት የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ተዋጊ አውሮፕላኖች የጣሊያንን ማኮብኮቢያ ሲደበድቡ የሻምበል ጃክ ፍሮስት አውሮፕላን ከመሬት በተተኮሰ ጥይት ተመታ። ፍሮስት በአቅራቢያው ባለ ሜዳ ላይ አረፈና አውሮፕላኑ ለጠላት እንዳይሆን አቃጠለው። መቶ አለቃ ቦብ ከርሾ ይህን አይቶ፣ ጣሊያኖቹ እየተኮሱ፣ አጠገቡ አረፈለት። ሃሪኬን የአንድ ሰው መቀመጫ ብቻ ያለው አውሮፕላን ነው። ከርሾ ፓራሹቱን አውጥቶ ጣለ፤ ፍሮስት እላዩ ላይ ተቀመጠ። ፍሮስት መሪውንና ፔዳሉን ያዘ፤ ከርሾ በሥሩ ሆኖ ጎማውንና የክንፉን መክፈቻ አንቀሳቀሰ፤ ሁለቱም በሰላም ተመለሱ። ከርሾ ከፍተኛ የጀግንነት ሽልማት ተሰጠው። በግዳይ ሰንጠረዥ ግን ለዚህ ሥራ የተሰጠ ቦታ የለም። ፍሮስት በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ላይ በሊቢያ በረሃ ከውጊያ ሳይመለስ ቀረ።

አፍሪካ የወለደችው ሌላው ታላቅ ስም ፓት ፓትል ነው። ግሪክ ውስጥ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ሲዋጋ ምናልባት ከ40 በላይ፣ አንዳንዶች እንደሚሉት 50 አውሮፕላን ጥሏል። ምናልባት የሚባለው እንግሊዞች ከግሪክ ሲሸሹ የስኳድሮኑ መዝገብ ስለጠፋ ነው። ሚያዝያ 20 ቀን 1941 ትኩሳት እያንቀጠቀጠው ተነሥቶ፣ ከአቴንስ አጠገብ ከኤሌውሲስ ባሕረ ሰላጤ በላይ ጓዱን ሊረዳ ሲገባ ተመትቶ ወደቀ። ግምቱ ትክክል ከሆነ ከብሪታንያና ከኮመንዌልዝ አገሮች አብራሪዎች ሁሉ ቀዳሚው እርሱ ነው፤ ወረቀት ስላልተረፈለት ግን ስሙን የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው።

በንጹሕ የበረራ ችሎታ ብቻ ይመዘን ከተባለ ፊንላንዳዊው ኢልማሪ ዩቲላይነን ፊት የሚቆም አላገኝም። 94 ግዳይ ሲኖረው፣ በ437 ተልእኮ ውስጥ ከጠላት ተዋጊ አውሮፕላን የተተኮሰ አንድ ጥይት እንኳ አላገኘውም። ከግዳዮቹ ጥቂት የማይባሉትን የጣለው አሜሪካኖች ራሳቸው በናቁት ቡፋሎ በተባለ ወፍራምና ዘገምተኛ አውሮፕላን ነው። መኮንን ልሁን ካለ ከበረራ ያርቁኛል ብሎ ሰግቶ ሹመቱን አልፈለገም፤ ጦርነቱን በባለ ሌላ ማዕረግ ጨረሰ። ጃፓናዊው ሳቡሮ ሳካይም በዚህ ረድፍ ይጠቀሳል። ነሐሴ 1942 ጓዳልካናል ላይ ጭንቅላቱን ተመትቶ፣ አንድ ዓይኑ ጠፍቶ፣ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በውቅያኖስ ላይ በርሮ ራባውል ደረሰ። በስሙ የሚነገረው 64 ግዳይ የተጋነነ መሆኑ ይህን በረራ አያሳንሰውም።

ሶቪየቶቹ በምዕራቡ ክርክር ለረጅም ጊዜ ተገቢ ቦታ አላገኙም፤ ይህ ስሕተት ነው። ኢቫን ኮዝሄዱብ 62 አውሮፕላን ጥሎ ጀርመንን በጋራ ከተዋጉት ተባባሪ አገሮች አብራሪዎች ሁሉ ቀዳሚ ሆኗል፤ አንድም ጊዜ ተመትቶ አልወደቀም። ሊዲያ ሊትቪያክ በ21 ዓመቷ ነሐሴ 1943 ከውጊያ ሳትመለስ ስትቀር በሴት ተዋጊ አብራሪነት ወደር አልነበራትም፤ መንግሥቷ የሶቪየት ኅብረት ጀግና የሚለውን ማዕረግ የሰጣት ግን በ1990 ነው።

የእኔ ምርጫ ግን ከእነዚህ ሌላ ነው፤ አሌክሳንደር ፖክሪሽኪን። 59 ግዳይ አለው፤ ከሃርትማን ጋር ሲተያይ ስድስተኛውን ያህል ብቻ መሆኑ ነው። ጀርመን ሶቪየት ኅብረትን በወረረችበት የመጀመሪያ ቀን፣ ሰኔ 22 ቀን 1941፣ በስሕተት የራሱን ወገን ቦምብ ጣይ መትቷል። ከዚያ ወዲህ ግን እያንዳንዱን ውጊያ በሥዕል እየነደፈ ያጠና ጀመር። የሶቪየት ደንብ ተዋጊዎች ተጠጋግተው፣ በዝግታ፣ ቦምብ ጣዮችን ከብበው እንዲበሩ ያዝዝ ነበር፤ ይህ ለጀርመኖች ሲሳይ ነበር። ፖክሪሽኪን ተቃወመ። በ1942 ከአዛዡ ጋር ተጋጭቶ ከፓርቲ ተባረረ፤ ጦር ፍርድ ቤት ሊያቀርቡትም ነበር። በ1943 ጸደይ ኩባን በተባለው የደቡብ ሩሲያ አካባቢ ግን ዘዴው በተግባር ታየ፤ ጥንድ ጥንድ ሆኖ፣ በተለያየ ከፍታ እንደ ደረጃ ተደርድሮ፣ ከላይ በፍጥነት መውረድ። ከፍታ፣ ፍጥነት፣ እንቅስቃሴ፣ ተኩስ የሚለው ቀመሩ የመላው አየር ኃይል ትምህርት ሆነ። ያበርረው በነበረው ኤይራኮብራ በተባለ አውሮፕላን ላይ መትረየሶቹና መድፉ በአንድ ቃታ እንዲተኩሱ ሽቦውን አስቀየረ፤ ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ለአንድ ሴኮንድ ብቻ ዒላማ ለሚያገኝ ሰው ግን ትልቅ ናት።

ከእርሱ ቀጥሎ የማስቀምጣቸው ሁለቱም አስተማሪዎች ናቸው። ጀርመናዊው ቨርነር ሞልደርስ በስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አራት አውሮፕላን እንደ እጅ ጣቶች ተራርቀው የሚበሩበትን አሰላለፍ አዳበረ፤ ጠላቶቹ እንግሊዞች እንኳ ሦስት ሦስት ሆነው የሚበሩበትን የቆየ ልማድ ትተው ቀዱት። ደቡብ አፍሪካዊው ማላን፣ በቅጽል ስሙ «ሴይለር»፣ አሥር የአየር ውጊያ ደንቦች ጽፎ በየስኳድሮኑ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ከጦርነቱ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ የአፓርታይድ መንግሥት የክልስ ዜጎችን የመምረጥ መብት ለመንጠቅ ሲነሣ የቀድሞ ወታደሮችን አስተባብሮ አደባባይ ወጣ። 27 ያህል ግዳይ ብቻ ስላለው በሰንጠረዡ ላይ ከመቶዎች በታች ይገኛል። ደንቦቹን ያነበቡት ወጣቶች ስንት አውሮፕላን እንደጣሉ፣ ስንቶቹም በሕይወት እንደተመለሱ ቢደመር ግን ከሃርትማን ቁጥር ጋር ለማወዳደር የሚያሳፍር አይሆንም፤ የፖክሪሽኪን ደቀ መዛሙርትም እንዲሁ።