የከበሮው ወራሽ

ኅዳር 30 ቀን 2000 ዓ.ም. ማታ፣ እኛ ገና በሚሊኒየሙ ደስታ ውስጥ ሳለን፣ በለንደን ከተማ በቴምዝ ወንዝ ዳር በሚገኘው ኦ ቱ በተባለው አዳራሽ 20 ሺህ ያህል ሰው ተሰብስቦ፣ ከ27 ዓመት በፊት የተበተነው ሌድ ዘፕሊን የተባለው የሮክ ሙዚቃ ባንድ ዳግመኛ በመድረክ ሲቆም ለማየት ይጠባበቅ ነበር። የመግቢያው ትኬት 125 ፓውንድ ሲሆን፣ ፈላጊው ከልክ በላይ ስለ በዛ በዕጣ እንዲታደል ሆነ፤ ለዚያች ለአንዲት ምሽት የቀረበው ጥያቄም 20 ሚሊዮን እንደ ደረሰ ተመዝግቧል።

ባንዱ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት፣ ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ፣ ቤዝ ጊታርና ኪቦርድ የሚጫወተው ጆን ፖል ጆንስ፣ ከበሮ መቺውም ጆን ቦናም። መስከረም 15 ቀን 1973 ዓ.ም. ቦናም በ32 ዓመቱ ሲያርፍ፣ የቀሩት ሦስቱ በስፍራው ሌላ ሰው ተክተው መቀጠልን አልወደዱምና በዚያው ዓመት በኅዳር ወር መለያየታቸውን አስታወቁ። በማኅሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ውሳኔ ለመረዳት የሚቸገር አይመስለኝም፤ ከበሮ ለዜማው የተጨመረ ጌጥ ሳይሆን የመዘምራኑን እግርና ልቡና በአንድነት የሚያስኬድ እንደ ሆነ ያውቃልና።

ሦስቱ ከተለያዩ በኋላ መጀመሪያ በሕዝብ ፊት አብረው የተጫወቱት ለእኛ ሲሉ ነበር። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. በረሀብ ለሚያልቁት ወገኖቻችን ርዳታ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤይድ የተባለው ታላቅ የሙዚቃ ዝግጅት በለንደንና በፊላደልፊያ ሲደረግ፣ እነርሱ በፊላደልፊያ ወጡ። ይሁን እንጂ የፕላንት ድምፅ ሻክሮ፣ የፔጅ ጊታር ቅኝቱን ስቶ፣ የተጨመሩትም ሁለት ከበሮ መቺዎች በቂ ልምምድ ሳያደርጉ ቀርተው፣ ጨዋታው ሳያምር አለፈ፤ ኋላም የላይቭ ኤይድ ዲቪዲ ሲታተም የእነርሱ ክፍል እንዳይገባ ራሳቸው ከለከሉ። እነርሱ በኀፍረት ያስቀሩትን ያን ጨዋታ እኔ በምስጋና አስበዋለሁ፤ የወጡት የእኛን ሕፃናት ረሀብ አይተው ነውና።

የለንደኑ ምሽት ግን በብዙ ጥንቃቄ የተሰናዳ ነበር። ምክንያቱ ተዝካር ነው ብል ከእውነቱ የራቅሁ አይመስለኝም፤ አትላንቲክ የተባለውን የሸክላ አሳታሚ ኩባንያ የመሠረተውና ባንዱን ለዓለም ያስተዋወቀው የቱርክ ተወላጁ አህመት ኤርቴጉን ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበርና፣ ገቢውም በስሙ ለተቋቋመው የትምህርት መርጃ ተመደበ። የፔጅ ጣት በመሰበሩ ቀኑ በሁለት ሳምንት ተራዘመ፤ ፕላንትም 59 ዓመቱ ነበርና፣ የጐልማሳነቱን ድምፅ ላለማስገደድ አንዳንዶቹ ዘፈኖች ከቀድሞው ቅኝታቸው ዝቅ እንዲሉ ተደረገ። እንደ እኔ አስተያየት ይህ ሽንፈት አይደለም፤ ዕድሜን አምኖ መቀበልና አድማጭንም ማክበር ነው። በከበሮው ወንበር ላይ የተቀመጠው የሟቹ ልጅ ጄሰን ቦናም ነበር፤ አባቱ ሲሞት የ14 ዓመት ልጅ የነበረው፣ አሁን የ41 ዓመት ሰው።

ከዚያ ወዲህ ባንዱ በመድረክ አልቆመም፤ በ2005 ዓ.ም. የወጣው የዚያ ምሽት ፊልም ግን ለሁላችን ቀርቶልናል። መድረኩ ሰፊ ሲሆን፣ ሦስቱ ሽማግሎች ብርድ የያዛቸው ሰዎች ምድጃ ከብበው እንደሚቆሙ ከበሮው አጠገብ ተጠጋግተው ይታያሉ፤ ፀጉሩ ፍጹም የነጣው ፔጅ ፊቱን ደጋግሞ ወደ ጄሰን ይመልሳል። ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው ካሽሚር የተባለው ዘፈን ነው። በዚህ ዘፈን ጊታሩ በሦስት ሲዞር ከበሮው በአራት ይረግጣል፤ ስለዚህ ሁለቱ ተለያይተው ሄደው በ12 ምት ይገናኛሉ፤ ከበሮው ጥቂት ቢያመነታ ግን መገናኛቸው ይጠፋል። ልጁ ሳይቸኩልና ሳይዘገይ፣ አባቱ በቀደደው መንገድ አራት አራቱን ይረግጣል፤ ሦስቱም ዞረው ዞረው በየ12ቱ ምት እርሱ ዘንድ ይደርሳሉ።