ስለ ትራንክ መስመር ምስክሮች

በዲላ የስልክ ጣቢያ ለሚያገለግል ባለሙያ ከሥራው ሁሉ ይልቅ ማስተዋልን የሚጠይቀው፣ የተበላሸን ካርድ ነቅሎ ሌላ መትከል ሳይሆን፣ አላርም በበራ ጊዜ ያ ምልክት ስለ ማንኛው ወገን እንደሚመሰክር ለይቶ ማወቅ ነው። በዘመነ ምኒልክ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው ሽቦ ቢበጠስ፣ መስመሩን ተከትሎ ለሚሄድ ሰው ጉዳቱ በዓይን የሚታይ ነበር፤ ዛሬ ግን ድምፅ ወደ ቍጥር ተለውጦ ጣቢያን ከጣቢያ በሚያገናኝ አንድ ኢ-ዋን ትራንክ ላይ በሴኮንድ 2,048,000 ቢት ሆኖ ስለሚጓዝ፣ ደዌው ከዓይን የተሰወረ ነው።

ይህ ትራንክ 32 ክፍሎች ሲኖሩት፣ 30ው የሰው ንግግር የሚያልፍባቸው፣ አንዱ ሁለቱ ጫፎች ፍሬማቸውን፣ ማለት የ32ቱን ክፍሎች አንድ ዙር፣ የሚያስተካክሉበት፣ አንዱም የጥሪው ትእዛዝ የሚተላለፍበት ነው፤ ስለዚህ ይህ የመጨረሻው ብቻውን ቢታመም 30ው ደኅና ሳሉ ዲዳ ይሆናሉ።

ከአላርሞቹ ቀዩ መብራት ሲበራ ከወዲያ ወገን የሚመጣ ምንም ነገር አለመድረሱን ይናገራል። ሰማያዊው፣ በመካከል ያለ መሣሪያ የሚቀበለውን ባጣ ጊዜ፣ ከእርሱ ወዲህ ያለው መንገድ ደኅና እንደ ሆነ ለማስታወቅ ያለማቋረጥ አንድን ቍጥር ብቻ እየደጋገመ መላኩን ይገልጣል፤ ይህን የተረዳ ሰው የራሱን ጣቢያ ሳይነካ ጉዳቱን ከመሣሪያው ወዲያ ይሻል። ቢጫው ግን ከሁሉ ይልቅ ትርጓሜ ይፈልጋል፤ በማሕሌት ቀኝና ግራ ሆነው ከሚያዜሙት አንዱ ወገን የሌላውን ድምፅ ቢያጣ በምልክት ሊያስታውቅ እንደሚችል፣ በዲላ የበራ ቢጫም የይርጋ ጨፌው ጫፍ «የላክኸው አልደረሰኝም» እያለ የሚሰጠው ቃል ነው። ቃሉ እስከ እኛ መድረሱ የመቀበያው መንገድ ጤነኛ ለመሆኑ ማስረጃ ነውና፣ መኪና አስነሥቶ ወደ ደቡብ ወደ ይርጋ ጨፌ ከመገስገስ በፊት የራስን መላኪያ መመርመር ይገባል፤ መላኪያውን በገመድ ከመቀበያው ጋር አገናኝቶ፣ የላኩት ሳይጐድል ከተመለሰ፣ ይህን ሉፕ የሚባለውን ግንኙነት ደረጃ በደረጃ እያራቁ መሄድ የጥንቱም የዛሬውም ፍቱን ሥርዓት ነው።

ይሁን እንጂ እጅግ የሚያሳስበኝ ምስክር የሌለው ደዌ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት የራሱን የስልክ ማዞሪያ በኢ-ዋን ከጣቢያው ጋር ሲያገናኝ፣ የጊዜ መለኪያውን፣ ማለት ክሎኩን፣ ከመስመሩ መቀበል ሲገባው በውስጥ ክሎኩ እንዲሠራ ተደርጎ ቢገኝ፣ አንድም መብራት ላይበራ ይችላል። የሁለቱ ክሎኮች ልዩነት ከሚሊዮን 50 እጅ ብቻ ቢሆን፣ በሴኮንድ 102 ያህል ቢት ይተርፋል ወይም ይጐድላል፤ አንድ ፍሬም 256 ቢት ነውና፣ በየሁለት ሴኮንድ ተኩሉ አንድ ሙሉ ፍሬም ይጠፋል ወይም ይደገማል፤ ይህም ስሊፕ ይባላል። ለተናጋሪው ይህ «ቀጭ» የምትል ትንሽ ድምፅ ናት፤ ለፋክስ ግን የተቈረጠ ገጽ ነው።

እንዲህ ያለውን የሚገልጠው የተጠቃሚው አቤቱታ ነው። ቡና በሚለቀምበትና በሚገዛበት ወራት፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ከወናጎ ወይም ከኮቸሬ የአዲስ አበባን ዋጋ የሚጠይቅ አቅራቢ «ወንድሜ፣ ይቈራረጣል» ብሎ ሲያመለክት፣ አላርም የለም ብሎ ማሰናበት ምስክርን ሳይሰሙ ፍርድ መስጠት ነው፤ በዚያ መስመር ላይ የአንድ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም ዋጋ ይነገርበታልና።

ስለዚህ ከእኔ በኋላ ወደዚህ ሙያ ለሚገቡ ልጆች የምመክረው፣ አላርም ሲበራ ከመንካታቸው በፊት ሰዓቱንና ቀለሙን በሁለቱም ጫፍ እንዲመዘግቡ፣ ባይበራም የደዋዩን ቃል ሳያሳጥሩ በዚያው መዝገብ ላይ እንዲያሰፍሩ፣ ስሊፕ የሚቈጥረውንም ገጽ ሰው እስኪያማርር ሳይጠብቁ ማለዳ ማለዳ እንዲያነቡ ነው።