ድንጋይ ተቃጥሎ፣ ድልድይ ተያይዞ

እስቴን ከሞጣ የሚያገናኘው የዓባዩ ሰባራ ድልድይ በዐፄ ፋሲል ዘመን (1632-1667፤ ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) እንደተሠራ ይነገራል። ድንጋዩን ያያዘው ምን ይሆን? ሽማግሌ ቢጠየቅ «እንቁላል ነዋ!» ይላል። እንቁላሉ ገባም አልገባም፣ ዋናው ማጣበቂያ ኖራ ነው።

ኖራ እንዲሁ ተቆፍሮ አይወጣም። የኖራ ድንጋይና ማገዶ በእቶን ውስጥ ይነባበርና ይለኮሳል። ሙቀቱ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲደርስ ከድንጋዩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ 100 ኪሎ ንጹሕ ድንጋይ 56 ኪሎ ሆኖ ይቀራል። ይህ የተቃጠለ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል። ዐይን ያጠፋልና፣ ዕጩ መምህራን ሆይ፣ ለተማሪ ስታሳዩ አደራ! በውሃና በአሸዋ ተለውሶ ከተገነባ በኋላ ደግሞ ያንኑ ጋዝ ከአየር እየሳበ ቀስ በቀስ ተመልሶ ድንጋይ ይሆናል። ጭቃ በክረምት ሲሟሟ ኖራ የሚጸናው ለዚህ ነው እኮ።

የኢየሱሳውያን ጽሑፍ እንደሚለው፣ ለኖራ የሚሆነውን ድንጋይ በ1621 ለይቶ ያሳየው ከህንድ የመጣ ሰው ነው። የጎንደር ግንቦች የተነሡት ከዚያ ወዲህ ነው።

ታዲያ ድልድዩ ለምን ተሰበረ? ኖራው ከድቶ አይደለም። በጣሊያን ወረራ ጊዜ (1936-1941) የመካከሉን ቅስት ያፈረሰው የሰው እጅ ነው። ከዚያ በኋላ መንገደኛ በገመድ እየተጎተተ ሲሻገር ኖረ። በ2009 ተንጠልጣይ የእግር ድልድይ ተሠራ።