ዳኛዋ፣ ዋስትናው እና ምክር ቤቱ



ጉለሌ ያደግን ልጆች ጥሩ ውጤት ስናመጣ «ሐኪም ሁን»፣ «ኢንጂነር ሁን» ተብለናል። «ሕግ ተማር» የተባልን ጥቂት ነን። እኔም ኢንጂነሪንግ ገባሁ። ሕግ ምን ያህል እንደሚነካን ያስተዋልኩት የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳን ታሪክ ሳነብ ነው።

ወይዘሪት ብርቱካን ያደጉት ከኛ ብዙም በማይርቀው ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተምረው የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። በ1993 ዓ.ም ገዢው ፓርቲ ውስጥ ክፍፍል ተፈጥሮ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር አቶ ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳያቸውን የያዙት ወጣቷ ዳኛ በዋስ እንዲፈቱ ወሰኑ። አቶ ስዬ ግን ወዲያው ተመልሰው ተያዙ።

ዋናው ትምህርት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የታሰረ ሰው በዋስ የመፈታት መብት እንዳለው ይናገራል። ሆኖም በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ሊከለክል እንደሚችል ይጨምራል። ልዩ ሁኔታውን የሚደነግገው ማን ነው? የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት። ምክር ቤቱም በዚያው ሰሞን የፀረ ሙስና ሕጉን አሻሽሎ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ አደረገ። አቶ ስዬም ለዓመታት ታስረው ቆዩ።

በኛ ሙያ ብናየው ዳኛ ሳይት ላይ እንዳለ መሐንዲስ ነው። የቱንም ያህል ሐቀኛ ቢሆን የሚሠራው በጸደቀው ፕላን ነው። ፕላኑ የሚጸድቀው ሌላ ቦታ ነው። ሕግ አዋቂዎች ከችሎት ወጥተው ወደ ፖለቲካና ወደ ምክር ቤት የሚያመሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ወይዘሪት ብርቱካንም በ1997ቱ ምርጫ ቅንጅትን በምክትል ሊቀ መንበርነት መሩ። ከምርጫው በኋላ ታሰሩ፤ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በ1999 በይቅርታ ወጡ። ከዚያም አንድነት ፓርቲን መሩ። ስለ ይቅርታው በተናገሩት ሰበብ በ2001 ይቅርታው ተነሥቶ ተመልሰው ገቡ። እሳቸው እስር ቤት ሳሉ አቶ ስዬ የአንድነት አባል ሆኑ። በ2003 መስከረም ከተፈቱ በኋላ ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄዱ።

በ2011 ሲመለሱ ያው ምክር ቤት የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ አድርጎ ሾማቸው። ሕግ አውጪ ሳይሆኑ፣ ሕግ አውጪዎቹ የሚመረጡበትን ሂደት የሚመሩ ሆኑ። የሲዳማ ሕዝበ ውሳኔና የ2013ቱ አገር አቀፍ ምርጫ በእሳቸው ዘመን ተካሄዱ። በ2015 ማብቂያ ላይ በፈቃዳቸው ለቀቁ።

ይህ ከኛ ምን ያገናኘዋል? የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የሚሠሩት በአዋጅ ቁጥር 188/1992 ነው። የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በ2012 ነው። ሁለቱንም ያጸደቀው ይኸው ምክር ቤት ነው። ኒካሕ፣ ውርስና ወቅፍ ላይ የሚሰጠው ፍርድ በቃዲው ዒልምና ተቅዋ ላይ ብቻ የቆመ አይደለም፤ ለቃዲው ሥልጣን በሚሰጠው ጽሑፍም ላይ ቆሟል። ጽሑፉን አንብቦ «ይህ አንቀጽ ይጎዳናል» የሚል ሰው ከሌለን የምናውቀው ችግሩ ደጃችን ሲደርስ ነው።

መድረሳ ስንቀራ ፍትሕ አማና እንደሆነ ተምረናል። አማናው ችሎት የተቀመጠው ሰው ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ሲረቀቅ እጁን የሚያወጣውም፣ እሱን የሚመርጠውም ይጠየቅበታል። እናም ታናሽ ወንድማችሁ ወይም እህታችሁ «ሕግ ልማር» ሲሉ አታሳንሷቸው። ለኛ ለቀረነው ደግሞ ሕገ መንግሥቱ ትንሽ መጽሐፍ ነው፤ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል። ከአንቀጽ 19 ጀምሩ።