ኤን ቦቄቅ፦ በሙት ባሕር ዳር የምትገኝ የዕረፍት መንደር

በእስራኤል ደቡብ ምሥራቅ፣ በይሁዳ ምድረ በዳ ገደልና በሙት ባሕር መካከል ባለች ጠባብ ሜዳ ላይ ረጃጅም ሆቴሎች ተሰልፈው ይታያሉ። ቦታዋ ኤን ቦቄቅ ትባላለች። ቋሚ ነዋሪ የላትም ማለት ይቻላል፤ አልጋ የሚያነጥፈው፣ ምግብ የሚያበስለውና ዋናተኛ የሚጠብቀው ሠራተኛ በአብዛኛው እንደ ዓራድና ዲሞና ካሉ ከተሞች እየተመላለሰ ይሠራል። የቀረው ሁሉ እንግዳ ነው። እንግዳው የሚመጣው በምድር ላይ ከሁሉም ዝቅ ያለውን የብስ ለመርገጥና በማያሰጥም ውኃ ላይ ለመንጋለል ነው። ብዙው ሰው ግን አንድ ነገር ሳያውቅ ይመለሳል። ከሆቴሎቹ ፊት ለፊት የተኛው ሰማያዊ ውኃ ሐይቁ ራሱ አይደለም፤ የፋብሪካ የትነት ገንዳ ነው።

ይህን መናገር ቦታዋን ማጣጣል አይደለም። ውኃው ከሙት ባሕር የመጣ ነው፤ ጨዋማነቱም ከሐይቁ አያንስም። ሆኖም የዳርቻው ንጣት፣ የጭቃው ዋጋ፣ የሆቴሎቹ ዕጣ ሳይቀር ከዚህ ገንዳ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ታሪኩን ቢያውቅ የሚያየው ሁሉ ትርጉም ያገኝለታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለሁለት የተከፈለው ሐይቅ

ሙት ባሕር ባሕር ይባል እንጂ ሐይቅ ነው። የዮርዳኖስ ወንዝ ከሰሜን ይገባበታል፤ መውጫ ግን የለውም። የገባው ውኃ የሚሄደው በትነት ብቻ ሲሆን፣ ይዞት የመጣው ማዕድን እዚያው ይቀራል። ይህ ለሺህ ዓመታት ሲደጋገም የውቅያኖስ ውኃ 3.5 በመቶ ጨው ሲኖረው የሙት ባሕር 34 በመቶ ገደማ ደረሰ። አብዛኛው ደግሞ ገበታ ላይ የምናውቀው ጨው አይደለም፤ ማግኒዚየም ክሎራይድ ነው። ውኃው ምላስ ላይ የሚመርረው፣ እጅ ላይም እንደ ዘይት የሚያሟልጨው ስለዚህ ነው።

እስራኤል በ1964 ከገሊላ ባሕር ወደ ደቡብ የሚወስደውን ታላቅ የውኃ መስመር ሥራ አስጀመረች። ዮርዳኖስና ሶርያም የያርሙክን ወንዝ ለእርሻቸውና ለከተሞቻቸው ጠለፉት። ወንዙ በፊት ያመጣ ከነበረው ውኃ ዛሬ ሐይቁ ዘንድ የሚደርሰው ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም። የሐይቁ ወለል በየዓመቱ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ አሁን ከውቅያኖስ ወለል በታች ከ430 ሜትር በላይ ወርዷል።

ሐይቁ ሲጎድል መጀመሪያ የተጎዳው ጥልቀት ያልነበረው ደቡባዊ ክፍል ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ ከሰሜኑ ተቆርጦ ደረቀ። ኤን ቦቄቅ የምትገኘው በዚህ በደረቀው በኩል ነው። ነገሩ ለተፈጥሮ ብቻ ቢተው ኖሮ እንግዳው ከሆቴሉ መስኮት የሚያየው የጨው ሜዳ በሆነ ነበር። ውኃውን የሚያመጣው ከሐይቁ ማዕድን የሚያወጣው የሙት ባሕር ፋብሪካዎች ኩባንያ ነው። ከሰሜኑ ሐይቅ በግዙፍ ፓምፖች እየሳበ፣ በቦይ እያሻገረ፣ በግድብ በተከፋፈሉ ሰፋፊ ገንዳዎች ላይ ለፀሐይ ያሰጣዋል። በመጀመሪያው ደረጃ የገበታ ጨው ወደ ታች ይዘቅጣል። የቀረው ውኃ ወደ ቀጣዮቹ ገንዳዎች ሲያልፍ ካርናላይት የሚባለው ማዕድን ይዘቅጣል፤ ከእርሱም ለማዳበሪያ የሚሸጠው ፖታሽ ይወጣል። ሆቴሎቹ የተሠሩት የገበታ ጨው በሚዘቅጥበት በ5ኛው ገንዳ ዳር ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ጨው ከገንዳው ሥር በየዓመቱ 20 ሴንቲ ሜትር ያህል ይከመራል። ገንዳው የሚይዘው የውኃ መጠን እንዳይቀንስ ደግሞ ወለሉ በዚያው ልክ ከፍ ይደረጋል። እናም ሰሜኑ ሐይቅ ሲሸሽ ደቡቡ ገንዳ ወደ ሆቴሎቹ መሠረት ተጠጋ። አንዱ ሐይቅ ለአንዱ ዳርቻ ድርቅ፣ ለሌላው የጎርፍ ሥጋት ሆነ። በ2012 መንግሥትና ኩባንያው ጨዉን ከገንዳው ሥር እየዛቁ ለማውጣት ተስማሙ።

የፖታሽ ሥራው ለኢትዮጵያም እንግዳ አይደለም። የኩባንያው እናት ድርጅት አይሲኤል በ2015 በአፋር ዳናክል የፖታሽ ፈቃድ የነበረውን አላና ፖታሽን ገዝቶ ነበር፤ በታክስ ጉዳይ ከመንግሥት ጋር አለመግባባት ተፈጥሮ በ2016 ከአገሪቱ ወጣ። ሁለቱ የጨው ምድሮች በመልክዓ ምድርም ይዛመዳሉ። አፋርን የሰነጠቀው ስምጥ በቀይ ባሕር በኩል እስከ ሙት ባሕር ከሚዘልቀው ስብራት ጋር ይያያዛል።

መንሳፈፍም ሙያ ይጠይቃል

በሕዝብ መዋኛው ዳርቻ አሸዋ ተነጥፏል፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ውኃው ውስጥ ጥቂት እርምጃ ሲገቡ ግን የሚረገጠው ጨው ነው። አንዳንዱ ቦታ ለስላሳ ንጣፍ ሠርቷል፤ አንዳንዱ ቦታ ደግሞ ጫፉ እንደ ተሰበረ ሸክላ የሾለ ነው። ባዶ እግር አያዋጣም፤ የውኃ ጫማ ወይም ሸበጥ ያስፈልጋል። ጥርት ባለ ቀን ውኃው ወደ ፈዛዛ ሰማያዊ አረንጓዴ የሚያደላው ከሥሩ ያለው ነጭ ጨው ብርሃኑን ወደ ላይ ስለሚመልሰው ነው።

ውኃው ከጉልበት ሲያልፍ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ቁጭ ማለት ብቻ ይበቃል። እግር ሳይታዘዝ ይነሣል፤ ደረትና ጣቶች ከውኃው በላይ ይቀራሉ። እጅን ማወናጨፍ አያስፈልግም። ለመቆም ጉልበትን ወደ ደረት መሰብሰብ፣ መዳፍን ወደ ታች መግፋት፣ እግር መሬት መንካቱን አረጋግጦ ቀስ ብሎ መነሣት ነው። እንደ ተራ ዋና ልዋኝ ያለ ሰው እግሩ ከውኃው በላይ እየወጣበት ይቸገራል።

«በሙት ባሕር ሰው አይሰምጥም» የሚባለው ግማሽ እውነት ነው። ሰውነት አይሰምጥም፤ በደረቱ የተገለበጠ ሰው ግን ውኃው ወደ ላይ ስለሚገፋው ፊቱን መልሶ ለማቅናት ሊያቅተው ይችላል። የዋጠው ውኃ ከሳንባው በተጨማሪ የደሙን ማዕድን አዛብቶ ልቡን ሊያውክ ይችላል። ስለዚህ ውኃ የዋጠ ሰው ደኅና ነኝ ቢልም ሐኪም ሊያየው ይገባል። ሕይወት አዳኝ በሌለበት መግባት ከቶ አይመከርም። ሕፃናትን በተለይ ዓይናቸውን እንዳያሹ መጠበቅ ያሻል፤ ዓይን ከነካ መፍትሔው በዳርቻው ባለው ቧንቧ በንጹሕ ውኃ ማጠብ ነው። ውኃው ውስጥ ለመቆየት ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ለአንድ ጊዜ ይበቃል። በዚያ ቀን ጢምም ሆነ እግር መላጨት የቅጣት ያህል ነው፤ በዓይን የማይታይ ጭረት ሁሉ ያቃጥላል። የብር ጌጥ ስለሚጠቁር ሆቴል ትቶ መውረድ ይሻላል።

ጭቃና ፀሐይ

በፎቶግራፍ የምናየው ጥቁር ጭቃ የተለቀለቀ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሰሜኑ ሐይቅ ዳር የተነሣ ነው። የኤን ቦቄቅ ገንዳ ሥሩ ጨው ስለሆነ ጭቃው በከረጢት ይሸጣል፤ ወይም በሆቴሎቹ የስፓ ክፍል ይቀባል። ቀብቶ ትንሽ ማቆየት፣ ድርቅ ሊል ሲል መታጠብ ነው የተለመደው።

የሕክምናው ስም ግን ከጭቃው ይበልጥ በፀሐዩ ላይ የቆመ ነው። ቦታው ዝቅ ስላለ የፀሐይ ጨረር ከሌላው ዓለም ይልቅ ወፍራም አየር አቋርጦ ይመጣል፤ ቆዳ የሚያቃጥለው የጨረር ዓይነት በመንገድ ይቀንሳል። ሶራይሲስ የተባለው የቆዳ ሕመም ያለባቸው ሰዎች፣ ከዴንማርክና ከጀርመን ጭምር፣ በሐኪም ክትትል ለሳምንታት እየቆዩ በየቀኑ በተለካ ሰዓት ፀሐይ ይሞቃሉ። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን የሚመጣ ጤነኛ ጎብኚ ግን ይህን ሰምቶ መዘናጋት የለበትም። ጨረሩ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም፤ የፀሐይ ቅባትና ባርኔጣ የግድ ነው።

ከውኃው ሲወጡ

የመጀመሪያው ጉብኝት ከሆቴሎቹ ጀርባ በእግር የሚደረስ ነው። የቦቄቅ ሸለቆ ትንሽ ምንጭ አለው፤ አፉ ላይ የሮማውያን ዘመን ምሽግ ፍርስራሽ ቆሟል። እዚያው አጠገብ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ሽቱና መድኃኒት ይዘጋጅበት የነበረ ቤት ተቆፍሮ ተገኝቷል። ሰው ወደዚህ ዳርቻ ለቆዳው ሲል መምጣት የጀመረው ሆቴል ሳይሠራ ነው።

ወደ ሰሜን ከ20 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ማሳዳ አለች። ንጉሥ ሄሮድስ በገደል አናት ላይ ያሠራት ቤተ መንግሥትና ምሽግ ናት። ኢየሩሳሌም በ70 ዓ.ም. ከወደቀች በኋላ የመጨረሻዎቹ አይሁድ ዐማፅያን እዚያ መሸጉ፤ ሮማውያን በምዕራብ በኩል የአፈር መወጣጫ ገንብተው በ73 ወይም በ74 ያዟት። መወጣጫው አሁንም እንዳለ ነው። 960 ሰዎች እጅ ከመስጠት ሞትን መረጡ የሚለውን ታሪክ የጻፈልን ታሪክ ጸሐፊው ዮሴፈስ ብቻ ስለሆነ ሊቃውንት ዛሬም ይከራከሩበታል። ጎበዝ ተጓዥ ጎሕ ሳይቀድ «የእባብ መንገድ» በተባለው ጠመዝማዛ ዳገት ይወጣና ፀሐይ ከሞአብ ተራሮች ስትወጣ ይመለከታል። ጉልበቱን የሚቆጥብ በኬብል ካር ይወጣል። ሙቀቱ ሲበረታ የእግር መንገዱ ስለሚዘጋ ማለዳ መነሣት ይበጃል።

ከማሳዳ አልፎ፣ ከኤን ቦቄቅ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ዓይንጋዲ ትገኛለች። መጽሐፍ ቅዱስ ያነበበ ሰው ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ የተደበቀባት፣ የሳኦልንም ልብስ ጫፍ የቆረጠባት ዋሻ በዚያ እንደነበረች ያስታውሳል። ዛሬ ፏፏቴና ጥላ ያለው ጥብቅ ሥፍራ ነው። ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ሌላ ደስታ አለው። በድንጋዩ መካከል የሚራወጠው ሽኮኮ በአገራችን ገደሎች የምናየው ዓይነት ነው፤ ቀንዱን ወደ ኋላ የቆለመመው የኑቢያ አይቤክስም የሰሜን ተራሮች ዋልያ የቅርብ ዘመድ ነው። ለመግባት በኢንተርኔት አስቀድሞ ቦታ መያዝ ያስፈልጋል።

በዚህ መንገድ የሚነዳ ሰው በዳርቻው የታጠሩ ቦታዎችን ያያል። ሐይቁ ሲሸሽ ከመሬት በታች ያለው ጨው አልባ ውኃ የጥንቱን የጨው ንጣፍ ያሟሟዋል፤ ላዩ ባዶውን ይቀርና ድንገት ይደረመሳል። በምዕራቡ ዳርቻ እንዲህ ያሉ ጉድጓዶች ከ6,000 በላይ ሆነዋል። ሚኔራል ቢች የተባለው የታወቀ መዋኛ በ2015 የተዘጋው በዚህ ነው። አጥር ተዘልሎ የሚነሣ ፎቶ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ወደ ደቡብ ከተጓዙ የሰዶም ተራራ ይገኛል። 11 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ተራራ አብዛኛው ጨው ነው፤ ጫፉ እንኳ ከውቅያኖስ ወለል በታች ነው። ከመንገዱ ከፍ ብሎ የቆመውን ዓምድ ሁሉም የሎጥ ሚስት ይለዋል።

አንድ ቀን የተረፈው

ጊዜ ያለው ሰው ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ነድቶ ኩምራን ይድረስ። ከ1947 ጀምሮ በዋሻዎቹ የተገኙት የጥንት መጻሕፍት ጥቅሎች ለኢትዮጵያ አንባቢ ከሌላው የበለጠ ቅርብ ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክና መጽሐፈ ኩፋሌ በሙላት ተጠብቀው የቆዩት በግእዝ ብቻ ነው። በኩምራን የሄኖክ ቁርጥራጮች በአራማይክ፣ የኩፋሌ ደግሞ በዕብራይስጥ ሲገኙ፣ በኢትዮጵያ ገዳማት ሲገለበጥ የኖረው መጽሐፍ ምን ያህል ጥንታዊ እንደሆነ ዓለም አየ። ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን የሚሳለሙ ምእመናን ወደ ዮርዳኖስ ሲወርዱ ኩምራን ከመንገዳቸው ብዙም አትርቅም።

መቼና እንዴት

ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይመቻል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ ውኃውም አያቀዘቅዝም። በቀዝቃዛዎቹ ወራት ዝናቡ ትንሽ ቢሆንም በላይኛው ተራራ የዘነበ ውኃ በደረቁ ሸለቆ በደራሽ ጎርፍ ይወርዳልና የአየር ትንበያ ሳይሰሙ ወደ ሸለቆ መግባት አይገባም። እንደ ቤርሼባ ባሉ የደቡብ ከተሞች ለሚኖሩ ቤተ እስራኤል ቤተሰቦች የደርሶ መልስ መንገድ ነው፤ አንድ ቀን ይበቃዋል። መኪና የሌለው ከኢየሩሳሌምም በአውቶቡስ ይመጣል፤ ከዓርብ ከሰዓት እስከ ቅዳሜ ማታ ግን የሕዝብ መጓጓዣ ስለሌለ መመለሻውን ቀድሞ ማሰብ አለበት።

ፋብሪካው ማዕድን የሚያወጣበት የውል ዘመን በ2030 ያበቃል። ውሉን የሚረከበው ማንም ይሁን፣ ፓምፖቹን አብሮ ይረከባል፤ የኤን ቦቄቅን መዋኛም እንዲሁ። ከሰሜኑ ሐይቅ ምን ያህል ውኃ ይሳብ፣ ለደቡቡ ገንዳ ምን ያህል ይተው የሚለው ክርክር የማዕድን ነጋዴዎች ብቻ ሊመስል ይችላል። በጀርባው ተንጋልሎ ሰማይ የሚያየው እንግዳ ግን የተኛው በዚያው ክርክር ላይ ነው።