ከግድብ ውኃ የሚወጣው ሜቴን እንዴት ይቀነሳል?

ከውኃ ኃይል የሚመነጭ ኤሌክትሪክ ጭስ የለውም። ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። በሞቃታማ አገሮች ከተሠሩ አንዳንድ የግድብ ሐይቆች ግን በዐይን የማይታይ ሜቴን የተባለ ጋዝ ወደ አየር ይወጣል። ሜቴን በ20 ዓመት ስሌት ሲለካ፣ በክብደት እኩል ከሆነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 ጊዜ በላይ ምድርን የማሞቅ አቅም አለው።

ጋዙ የሚፈጠረው ከሐይቁ ሥር ነው። ግድቡ ሲሞላ ደኑና ሣሩ በውኃ ይዋጣሉ። ከዚያ በኋላም ወንዙ በየክረምቱ ደለልና ቅጠላ ቅጠል ያመጣል፤ ሐይቁ ላይ የበቀለው አልጌና እምቦጭም ሲሞት ወደ ታች ይሰጥማል። በሞቃት አገር የላይኛው ውኃ በፀሐይ ሞቆ ስለሚቀል ከታችኛው ቀዝቃዛ ውኃ ጋር በቀላሉ አይደባለቅም። ስለዚህ ኦክስጅን ወደ ጥልቁ አይደርስም። ያለ ኦክስጅን የሚኖሩ ረቂቅ ተሕዋስያን ደግሞ የሰጠመውን ሲያብላሉ ሜቴን ያመነጫሉ።

ከጋዙ ከፊሉ አረፋ ሆኖ ይወጣል። ወደ ላይ ቀስ ብሎ ከሚጓዘው ውስጥ ብዙውን ኦክስጅን ባለበት ውኃ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ጥልቁ ውኃ ውስጥ የሟሟው ግን በላዩ ባለው ውኃ ግፊት ታምቆ ይቆያል። ይህ ውኃ በተርባይን በኩል ሲለቀቅ ግፊቱ በድንገት ይቀንሳል፤ ጋዙም ክዳኑ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ ይወጣል።

ብራዚል በአማዞን ደን ውስጥ የሠራችው የባልቢና ግድብ የዚህ ችግር ዋና ምሳሌ ነው። ቦታው ሜዳማ በመሆኑ 2,360 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት አጥለቅልቆ የማመንጨት አቅሙ 250 ሜጋ ዋት ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ሜጋ ዋት ከ9 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ማለት ነው። 1,874 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሐይቅና 5,150 ሜጋ ዋት አቅም ባለው በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይኸው መጠን ከግማሽ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያንሳል። ስፋት ብቻውን የጋዙን መጠን ባይወስንም፣ ትንሽ መሬት አጥለቅልቆ ብዙ ኃይል የሚሰጥ ቦታ መምረጥ የመጀመሪያው መፍትሔ ነው።

ሁለተኛው፣ ሐይቁ ከመሙላቱ በፊት ዕፅዋቱን መንጥሮ ከቦታው ማንሳት ነው። ይህ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ልቀት ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለመግታት ግን የተፋሰሱን አፈር በእርከንና በዛፍ መጠበቅ፣ የከተማ ፍሳሽና ማዳበሪያ ወደ ወንዙ እንዳይገባ መከላከል ያስፈልጋል።

ሦስተኛው፣ ተርባይኑ የሚወስደውን ውኃ ከጥልቁ ሳይሆን ኦክስጅን ካለበት ከላይኛው ክፍል መቅዳት ነው። ውኃው ከጥልቁ ከተለቀቀ በኋላ ከግድቡ በታች ማስተካከል ግን አይበቃም። በፈረንሳይ ጊያና የፔቲ ሶ ግድብ ደኑ ሳይመነጠር በመሞላቱ፣ ከግድቡ በታች ያለው የወንዙ ውኃ በሜቴን ምክንያት ኦክስጅን አጣ። ውኃውን ከአየር የሚያገናኝ ፏፏቴ መሰል እርከን ተሠራለት፤ ወንዙ ኦክስጅን አገኘ፣ ሜቴኑ ግን ወደ አየር ወጣ። ለዓሣው የበጀው መፍትሔ ለአየሩ አልበጀም።

ጋዙን ይዞ መጠቀምስ? ሩዋንዳ በኪቩ ሐይቅ ላይ ታደርገዋለች። ከ300 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ቦታ ውኃ በቱቦ ይሳባል፤ ወደ ላይ ሲመጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ጋዙ ይለያል፣ ውኃውም ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይገባል። በዚህ ዘዴ የሚሠራ አንድ ጣቢያ 26 ሜጋ ዋት ያመነጫል። የብራዚል ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ዘዴ ለግድቦች እንዲውል ሐሳብ አቅርበዋል። ፈተናው የግድብ ውኃ ከኪቩ ጥልቅ ውኃ እጅግ ያነሰ ሜቴን መያዙ ነው። ብዙ ውኃ መሳብ ስለሚጠይቅ፣ ለመሳቢያው የሚወጣው ኃይል ከሚገኘው እንዳይበልጥ በጥንቃቄ መሰላት አለበት።

ያልተለካ ነገር አይቀነስም። ልኬቱ በሐይቁ ገጽ ላይ ብቻ ከቆመ ትልቁ መውጫ ሊታለፍ ይችላል፤ ከተርባይኑ በታች ያለው ወንዝም መለካት አለበት። የውኃ ኃይል ለታዳጊ አገሮች ትልቅ ሀብት ነው። ስለዚህ አዲስ ግድብ የሚያቅዱ መሐንዲሶችና መንግሥታት የውኃ መቅጃውን ጥልቀትና የሜቴን ልኬቱን ከንድፉ ጀምረው ያስገቡ፤ ግድቡ ካለቀ በኋላ ማስተካከል እጅግ ይከብዳል።